«ባለቤቱ የሉም?»

ሱቁን ዘግቼ ነው የምጽፈው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ግማሹ ከንዴት ነው፣ ግማሹ ከዚህ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ንፋስ።

ያ ብራውዘር፣ ኢንተርኔት የምገባበት ፕሮግራም፣ ታደሰላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ በነፃ ማስታወቂያ አልሠራለትም። ትናንት ማታ ዘግቼው ስወጣ ደህና ነበር። ጠዋት ስከፍተው የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ታቦቹ፣ የከፈትኳቸው ገጾች ማለቴ ነው፣ ከላይ ወርደው በግራ በኩል እንደ ዳቦ ሰልፍ ተደርድረዋል። ያወረድኩት ፋይል የት እንደገባ እሱ ነው የሚያውቀው። በቀኝ በኩል ደግሞ አንድ የሚያብረቀርቅ ኮከብ፣ ያ ኤአይ የሚሉት ረዳት መሆኑ ነው፣ ተገትሮ «ዛሬ በምን ልርዳዎት?» ይለኛል። ከፊቴ ዞር በልልኝ፣ እሱ ይበቃኛል!

ትናንት ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔቱ ለምን እንደተንቀራፈፈ ያኔ ገባኝ። ለካ ጓዳ ገብቶ ሲለባብስ ነበር። በኔ ዳታ። ሳምንት ያደርሰኛል ብዬ የገዛሁት ጥቅል ነው እኮ! ለሠርጉ እኔ ከፈልኩ፣ ጥሪው ግን አልደረሰኝም።

እሺ፣ ይሁን። ዋናው ነገር ይሄ አይደለም።

አንድ እናት መጡ፣ ከመንዝ በኩል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ልጃቸው የዋስትና ደብዳቤ በኢሜይሌ ልኮላቸዋል፤ ታትሞ ከምሳ በፊት ቢሮ መድረስ አለበት። ከኋላቸው አምስት ሰው ቆሟል። ቀላል ሥራ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው።

ፋይሉን ከፈትኩ። የፕሪንተሯ ምልክት ከላይ ቀኝ ጥግ ላይ ነበረች። እጄ ሳላዘው ነው የሚሄድላት። ሄደ፤ ጠቅ አደረግኩ። ፕሪንተር የለም! ኮከቡ ነው የተቀመጠባት። «ይህን ሰነድ ላጠቃልልልዎ?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ ጀመረው። ጎበዝ፣ ደብዳቤው ስድስት መስመር ነው። ማጠቃለያው ዘጠኝ መስመር ሆኖ ወጣ። ያውም በእንግሊዝኛ።

ልዘጋው ስል ሌላ ታብ ዘጋሁ። ኤክሷም ቦታ ቀይራለች ለካ። የተዘጋው ከኋላ የቆመችው ልጅ የሥራ ማመልከቻ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አብረን የሞላነው። ልጅቷ ምንም አላለችም። ምንም አለማለቷ ነው የገደለኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። አንዱን እከፍታለሁ፣ አንዱን እዘጋለሁ። ሦስት ነጥብ እነካለሁ፣ ከውስጡ ሌላ ሦስት ነጥብ ይወጣል። ይሄኔ ነው እማማ ጠጋ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ ባለቤቱ የሉም?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«የቤቱን አይደለም እኮ፣ የኮምፒውተሩን ነው የምልሽ።»

«እሱም የኔ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«በይ አይዞሽ። ሥራ ሲጀምሩት እንዲህ ነው። ወር ሞላሽ?»

አስራ አንድ ዓመት! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ማመልከቻ የጻፍኩ፣ ዲቪ የሞላሁ፣ የስንቱን መመረቂያ ጽሑፍ ሌሊት ተቀምጬ ያስተካከልኩ ሰው ነኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደንበኛው «ያው እሷ ጋ ነው የሚሠራው» ብሎ ተመልሶ የሚመጣብኝ ሰው። እና ምን ብዬ የመለስኩ ይመስላችኋል?

«አዎ እማማ፣ ገና ነኝ።»

ዋሸሁ። ከውርደቱ ውሸቱ ቀለለኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከሰልፉ መሀል አንድ ጢሙ ገና ያላበቀለ ተማሪ ብቅ አለና «እትዬ፣ ኮንትሮል ፒ በዪው እስቲ» አይለኝም?

ኮንትሮል ፒ። ለኔ! እዚሁ ወንበር ላይ አስቀምጬ ለስንቱ ያስተማርኩትን! ግን እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር። ተጫንኩት። ፕሪንተሩ ተንቋቋና ወረቀቱን ተፋው። እማማ ልጁን «እሰይ፣ ተባረክ! እድግ በል!» አሉት። ለኔ ደግሞ አስር ብር ከፍለው ሌላ አስር ጨመሩልኝ። «ይቺ ለመማሪያሽ» ብለው። አልቀበልም ብል እጄን ይዘው አስጨበጡኝ። ብሯ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለች። ላጠፋትም አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ የሶፍትዌር ሥራ ነው የሚሠራው። ስንት ነገር አውርቼለት ሳቀ። መጀመሪያ ሳቀ! ከዚያ «እታለም፣ ዝም ብለሽ ተላመጂው» አለኝ። የዚህን ቃል ባለቤት ባገኘው! የቤት ኪራይ ሲጨምር ተላመጂው። ውኃ በሳምንት አንዴ ሲመጣ ተላመጂው። የባጃጁን መቆሚያ ከሱቄ ደጅ አንስተው ማዶ ሲወስዱት፣ ደንበኛዬ ግማሽ በግማሽ ሲቀንስ፣ ያኔም ተላመጂው ነው የተባልኩት። እኔ እኮ ተላምጄ ተላምጄ አለቅኩ።

ሊያጽናናኝ ብሎ ደግሞ ታሪክ ይነግረኛል። በ2005 ኦፔራ የሚባለው ብራውዘር ቁጥር 15ን ሲያወጣ እንደ አዲስ ከሥር ሠርቶት ቡክማርኩን፣ የምንወደውን ገጽ የምናስቀምጥበትን፣ ረስቶ ነው የወጣው አለኝ። ብራውዘር ያለ ቡክማርክ! የደብረ ብርሃን ሰው ያለ ብርድ ልብስ ማለት ነው እኮ። ሰዉ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ኋላ ላይ መለሱለት። ክሮም የሚባለው ብራውዘር ደግሞ ድሮ በየስድስት ሳምንቱ ነበር አዲስ እትም የሚያወጣው፤ ከመስከረም 2014 ወዲህ ወደ አራት ሳምንት አወረደው። በወር አንዴ ማለት ነው። አከራዬም በወር አንዴ ነው የሚመጣው። እሱ ግን ቢያንስ አንኳኩቶ ነው።

«ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ለመድፈን ነው የሚያድሱት፣ ካላደስሽ የይለፍ ቃልሽን ነው የሚወስዱት» አለ። ገባኝ። እኔ ፋራ አይደለሁም። ቀዳዳውን ይድፈኑ! በሩን ለምን ያዞሩታል ነው የኔ ጥያቄ። እናቴ ጨው የምታስቀምጠው አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ነው፣ ከምድጃው በስተቀኝ። መብራት ጠፍቶም እጇን ሰደድ አድርጋ ታገኘዋለች። አንድ ቀን እህቴ ወጥ ቤቱን ላሳምረው ብላ ጨውና ስኳሩን በአንድ ዓይነት ማሰሮ ደረደረችው። የዚያን ቀን ስኳር የገባበት ሽሮ ነው የበላነው። እህቴ ያን ያህል ቁጣ በሕይወቷ አይታ አታውቅም። ለኩባንያዎቹ ግን ማን ይቆጣል?

ድሮ በዚያች ትንሽ ስልኬ በኦፔራ ሚኒ ስገባ ገጹን እዚያው ሰርቨሩ ላይ ጨምቆ፣ አቅልሎ ነበር የሚልክልኝ። ካርዴ አያልቅም፣ ማንም ላጠቃልልልሽ አይለኝም። ዛሬ ስድስት መስመር ለማተም ኮከብ ማስፈቀድ ሆነ።

ለማንኛውም የልጅቷን ማመልከቻ እንደገና ልሙላላት ብዬ ጥግ ወዳለችው አሮጊት ኮምፒውተሬ ሄድኩ። ዊንዶውስ 7 ናት። ክሮም 109 ላይ ነው የቆመችው፤ ጥር 2015 የወጣው። ለዊንዶውስ 7 ከዚያ በኋላ የሚያወጣ የለም። ታቧ ከላይ፣ ፕሪንተሯ ከጥግ፣ ሁሉም በቦታው። ላቅፋት ትንሽ ቀረኝ። የማመልከቻውን ገጽ ከፈትኩ። «ብራውዘርዎ ጊዜ አልፎበታል፣ እባክዎ ያድሱ» ብሎ ነጭ ገጽ አሳየኝ።

ልጅቷ ያኔ ነው የሳቀችው። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ተመልሰን በዚያው ባለ ኮከቡ ሞላነው፣ ሌላ ሃያ ደቂቃ። አላስከፈልኳትም።

እናንተ፣ ያንን የግራ ሰልፍ ወደ ላይ መመለሻው የት እንደሆነ የሚያውቅ በውስጥ መስመር ይንገረኝ። ኮከቡንም ማጥፊያው ካለ። ነገ በሁለት ሰዓት ነው የምከፍተው፣ ከዚያ በፊት ይሁን። «ተላመጂው» የሚል ሰው ግን ወንድሜም ቢሆን ብሎክ ነው።