መርከብ ይሉኝታ አያውቅም

በመርከብ ካሪቢያን የሚሄድ ሀበሻ በዝቷል። ከዲሲም ከአትላንታም ዘመድ አዝማድ ይሰባሰብና ማያሚ ላይ ይሳፈራል። አንዱ ለልደት፣ አንዱ ለጋብቻ በዓል፣ አንዱ ደግሞ «ሁሉም ሄዶ እኔ ብቻ ልቅር?» ብሎ ነው። ጣጣው የሚጀምረው መርከቡ ጃማይካ፣ ፋልማውዝ ሲቆምና አንዱ «በእግራችን ወጣ ብለን እንይ» ሲል ነው።

ወዲያው ጉባኤ ይቀመጣል። ከሜሪላንድ አንዱ ይደውልና «እዛ አገር ሌባ አለ አሉ፤ ከወደቡ አጥር እንዳትወጡ» ይላል። መርከቡም መጀመሪያ ያስፈራራል፣ ቀጥሎ የአስጎብኚ አውቶቡስ ትኬት ይሸጣል። ጃማይካ ወንጀል የለም አልልም፤ አለ። ግን ወርቅን ካቢን ውስጥ ትቶ መውጣት፣ ዝርዝር ዶላር ብቻ መያዝና ሰው በሚበዛበት መንገድ መሄድ መርካቶን ለሚያውቅ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። አዲስ ነገር ካለ፣ የወታደር ልብስ የሚመስል ዥጉርጉር ሱሪ እዚያ በሕግ የተከለከለ መሆኑ ነው። መቼም እሱን ለብሶ የሚመጣ አንድ የአጎት ልጅ አይጠፋም።

ፋልማውዝ ለእግረኛ የተመቸች ከተማ ናት። የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1769 ነው። መንገዶቿ ቀጥ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ለመጥፋት ራሱ ጥረት ይጠይቃል። መሀሏ ላይ ዋተር ስኩዌር የሚባል አደባባይ አለ። ሰዎቿ «ከኒውዮርክ ቀድመን የቧንቧ ውሃ ያስገባን ነን» ብለው ይኮራሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ቅናት ያስይዛል።

መንገድ ሲሻገሩ ግን ጥንቃቄ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1962 ሲለቁ በግራ የመንዳት ልማዳቸውን እዚያው ትተው ሄደዋል። እኛ ወደ ግራ አይተን እግራችንን ስናነሳ መኪናው በቀኝ ከች ይላል። ታክሲ ካስፈለገ ታርጋው ቀይ መሆኑን ማየት ነው፤ ዋጋውንም ከመግባት በፊት መነጋገር።

የኛን ሰው ኪስ የሚያራግፈው ግን ሌባ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው።

ሻጩ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። ድሬድ ጸጉሩን በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ኮፍያ ሸፍኗል። «ማየት በነጻ ነው» ይላል። ፈረንጁ አይቶ፣ አመስግኖ ይወጣል። ሀበሻ ግን ሰው ቤት ገብቶ ባዶ እጁን እንዴት ይወጣል? ቀጥሎ «ከየት ናችሁ?» ይመጣል። «ከኢትዮጵያ» ካልክ አለቀልህ። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከቦ መውረጃ እንዳሳጣቸው ይተርክልሃል። ሞርቲመር ፕላኖ የሚባለው የራስታዎች ሽማግሌ ደረጃው ላይ ወጥቶ ሕዝቡን እንዳረጋጋው ጭምር። አንተ ስለዚያ ቀን የምታውቀው እሱ ከነገረህ አይበልጥም። ግን የንጉሥ አገር ሰው ተብለህ «አስር ዶላር ቀንስልኝ» ማለት ያምርብሃል?

ከዚያ ስምህን ይጠይቅሃል። ስም መናገር እዚያ ውል መፈረም ማለት ነው። ትንሿን ቢላ ያወጣና የሚሸጠው የእንጨት አንበሳ ሆድ ላይ ፊደል መቅረጽ ይጀምራል። ስምህ የተቀረጸበትን አንበሳ ለማን ይሽጠው? ስሙ ገብረመድኅን የሆነ ሰው ሲመጣ ግን ቀራጩም ይጸጸታል። ፊደሉ የአንበሳውን ሆድ ጨርሶ ወደ ጭራው ይዞራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ ይሄዳል። ጃማይካ ሰዓቷን አትቀያይርም፤ አሜሪካ ግን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። መርከቡ የማያሚን ሰዓት ይዞ ከዋለ፣ መሬት ስትረግጥ ራሱን ያስተካከለው ስልክህ አንድ ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ስልክህ «ገና ነው» ሲልህ መርከቡ መሰላሉን ሊያነሳ ነው። የሀበሻ ቀጠሮ ሲጨመርበት ደግሞ አስበው። ከመርከብ ሳይወርዱ የመርከቡን ሰዓት በእጅ ሰዓት መሙላት ይሻላል። በራስህ የወጣህ ሰው ካረፈድክ ጥሎህ ይሄዳል፤ «ትንሽ እንጠብቃቸው፣ ሰው ምን ይላል» የሚል ካፒቴን የለም።

የዘገዩ ሰዎች ሩጫ ደግሞ ለተሳፋሪው ትርዒት ነው። ሁሉም በረንዳው ላይ ወጥቶ በስልክ ይቀርጻል። አውራጃው ትሬላውኒ ዩሴን ቦልት የተወለደበት ስለሆነ ተመልካቹ ፍጥነት ይጠብቃል። እኛም ከሯጭ አገር ነን፤ ግን የኛ 10 ሺህ ሜትር ነው። ገና ሰውነታችን ሳይሟሟቅ ገመዱ ይፈታል።

አንዲት አክስት በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በሌላው አንበሳዋን ይዛ ስትሮጥ አይቻለሁ። ከኋላዋ ኮፍያ ያደረገው ሻጭ እየጮኸ ይከተላታል። ሌባ መጣብኝ ብላ የነበራትን ጉልበት ሁሉ አወጣች። ከጥበቃው በር ላይ ደረሰባት። የረሳችውን የ20 ዶላር መልስ ይዞ ነበር። እያለከለከች ብሩን አየችው፣ ሰውየውን አየችው፣ መርከቡን አየችው።

«ተወው ወንድሜ፣ ላንተ ይሁን» አለችው።