ልጄ መከላከያ ሊገባ ነው

ነገሩ የተበላሸው በስልክ ነው። ለእማዬ ደውዬ «ዲፌንሴ ሰኔ 20 ነው» አልኳት። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። ቢሮ ነኝ፤ አለቃዬ አናቴ ላይ ቆሟል። «መከላከያ ማለት ነው፣ ማታ እነግርሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ማታ ቤት ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ቀጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ግን የሚያወራ ሰው የለም። ከታች ቤት ያሉት እትዬ ተነሥተው አንገቴን አቀፉኝ። «ለዚያውም ባለ ዲግሪ!» አሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እማዬ ከረከቦቱ ጀርባ ቀና ብላ አላየችኝም። ለሰፈሩ በሙሉ «ልጄ መከላከያ ሊገባ ነው» ብላ ተናግራለች።

ጦር ሜዳ እንዳልሆነ ለማስረዳት ከአቦል እስከ በረካ ፈጀብኝ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ እንደሆነ፣ ሁለት ዓመት የደከምኩበትን ወረቀት ይዤ መምህራን ፊት እንደምቆም፣ እነሱ እንደሚጠይቁኝ፣ እኔ እንደምከላከል ነገርኳቸው። የዕድራችን ጸሐፊ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሰው ናቸው። ቶሎ ገባቸው።

«ዐቃቤ ሕግ አስረድቶበታል፣ ፍርድ ቤቱም ‹ይከላከል› ብሎ በይኗል ማለት ነው» አሉ። ቀጥለውም ወደኔ ዞሩ። «መከላከያ ምስክር አለህ?»

«አድቫይዘር አለኝ።»

«ይመጣል?»

ይህን ጥያቄ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ስጠይቅ ከርሜያለሁ።

ርዕሴን ልንገራችሁ። «የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፦ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ እንደ ማሳያ።» የማታ ኤምቢኤ የተማረ ሰው አሁን ፈገግ ብሏል። እሱም የጻፈው ይህንኑ ነው። ባንክ ካልሆነ ሆቴል ነው፣ ሆቴል ካልሆነ የግል ሆስፒታል። እኔ ርዕሱን አልመረጥኩትም፤ ወረስኩት። ከኔ ቀድሞ የተመረቀ ጓደኛዬ «ሶፍት ኮፒው ይኸውልህ፣ ለፎርማቱ ይጠቅምሃል» ብሎ በፍላሽ ሰጠኝ። የሱ ስለ ሆቴል ነው። እሱ ደግሞ ከማን እንደወረሰው አልጠየቅኩትም። እኔ የሠራሁት «ሆቴል» የሚለውን ቃል በአንድ ትእዛዝ «ባንክ» ማድረግ ነው። ኮምፒውተሩ 214 ቦታ ላይ ተክቻለሁ አለኝ። ያን ዕለት ማታ ብዙ እንደሠራሁ ተሰምቶኝ በጊዜ ተኛሁ።

መጠይቁ ግን በፍላሽ አይገኝም፤ ሰው ፊት መቆም አለበት። የአገልግሎት ጥራት የሚለካበት ሰርቭኳል የሚባል መሣሪያ አለ። ፓራሱራማን፣ ዛይታምልና ቤሪ የሚባሉ ምሁራን በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ 22 ጥያቄ አለው። ለስንት ሰው ልበትን ለሚለው ደግሞ የያማኔ ቀመር አለ። 850 መደበኛ ደንበኛ ካለህ፣ አምስት ከመቶ ስሕተት ከፈቀድክ፣ 272 ሰው ይበቃሃል ይላል። ከዚህ የሚበልጥ ነገር ስለ ያማኔ አላውቅም ነበር። ይህ ኋላ ጉድ ሠራኝ።

272 መጠይቅ ታቅፌ ባንኩ በር ላይ ቆምኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ከኋላዬ ሰልፍ ተሠራ። ወረቀት የያዘ ሰው ካዩ ይሰለፋሉ፤ አዲስ አበባ ነው። አንዲት እናት መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጡኝ።

«ባለ ሁለት መኝታ ላይ መዝግበኝ።»

«እማማ፣ የኮንዶሚኒየም አይደለም። ለጥናት ነው። ስምም አይጻፍበትም።»

«ስሜ ካልተጻፈ ዕጣው ሲወጣ በምን ያገኙኛል?»

መልስ አልነበረኝም። ሞልተው ሄዱ፤ ከታች በኩል ስልክ ቁጥራቸውን ጽፈዋል።

ከየጥያቄው ፊት ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሳጥን አለ። ሬንሲስ ላይከርት የሚባል አሜሪካዊ በ1932 እ.ኤ.አ. ያመጣው ዘዴ ነው። ሰውዬው የኛን ሰው ስለማያውቀው መሃል ላይ «ገለልተኛ» የሚል ሳጥን የሚያስቀምጥ ስኬል ትቶልናል። አንድ ባለ ባርኔጣ አዛውንት ሃያ ሁለቱንም «ገለልተኛ» ላይ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዙት። «አባባ፣ አንዱንም አላነበቡትም እኮ» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም» ብለው እስክሪብቶዬን ይዘው ሄዱ።

የሚገርመው ጥናቴን ያዳኑት እሳቸው ናቸው። የመጠይቁ አስተማማኝነት አልፋ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ 0.70 ካለፈ ደግ ነው ይባላል። የኔ 0.91 ወጣ። እንደ አባባ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ ሰው በበዛ ቁጥር አልፋ ከፍ ይላል። አድቫይዘሬ ቁጥሩን አይተው «ዳታህ ግሩም ነው» አሉኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰማሁት ብቸኛ ምስጋና ነው፤ ለባለ ባርኔጣው ይገባል።

አድቫይዘሬ ክፉ ሰው አይደሉም። የማይገኙ ሰው ናቸው። ሲደወልላቸው ያቺ የስልክ ሴትዮ ናት የምታነሣው። ሲገኙ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አላቸው፦ «ጋፑ የታለ?» ከኔ በፊት የጻፉት ሰዎች ያልደፈኑትን ክፍተት ማለታቸው ነው። ከኔ በፊት የጻፈውን ሰው ጽሑፍ እየገለበጥኩ ክፍተቱን ከየት ላምጣው?

ከዚያ የፊርማ ወራት መጣ። ለዲፌንስ የሚገባው ቅጂ ፊርማ ይፈልጋል። ፈራሚው ስብሰባ ናቸው። ስብሰባው ሲያልቅ ማኅተም ያዧ ፈቃድ ናት። እሷ ስትመለስ የመሳቢያው ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ነው። ኮሪደሩ ላይ አንድ እግሩ የተሰበረ አግዳሚ አለ፤ ቦርሳዬን እደግፍበትና እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ የተረፈ ባዶ መጠይቅ አገኘሁ። «ሠራተኞቹ እርስዎን ለመርዳት ዘወትር ፈቃደኞች ናቸው» ይላል አንዱ። «አገልግሎቱ መቼ እንደሚሰጥ በትክክል ይነግሩዎታል» ይላል ሌላው። እስክሪብቶ አወጣሁና ለዚያ ቢሮ ሞላሁት። ያን ቀን ገለልተኛ አልነበርኩም። ባንኩን ትቼ ይህን ኮሪደር ማጥናት ነበረብኝ፤ ናሙናውም ከነ አግዳሚው ተዘጋጅቶ ነበር።

በዚህ መሃል ግቢው በር ላይ ያለው የመብራት ምሰሶ በየቀኑ ይፈትነኛል። «ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ አሳይመንት በጥራት እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከጎኑ «የሚከራይ ሰርቪስ ቤት»፣ ከሥሩ «ጥርስ እንተክላለን»። ስልኩን መዝግቤው ነበር። አልደወልኩም። ጨዋነት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ዋጋውን የጠየቀ ጓደኛዬ ነግሮኝ ነው።

ለዲፌንሱ አንድ ቀን ሲቀረው የሰፈራችን መሪጌታ ሊመርቁኝ መጡ። ዋሸራ ነው ቅኔ የተማሩት። ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን አዩና «ይህን ሁሉ ይዘህ ነው የምትፈተን?» አሉ። እሳቸው ተማሪ ሳሉ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ዛፍ ሥር ተጋድሞ በልብ ቅኔ መቁጠር፣ ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ መንገር ነው። ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይሁን ስምንት ቤት መወድስ፣ መምህሩ እዚያው ያርሙታል፣ አለቀ። የዛሬው ቅኔ ነገ አይደገምም። የሰው ቅኔማ ጨርሶ አይነካም።

«ያንተስ፣ ያንተው ነው?» አሉኝ።

«በኮምፒውተር ተፈትሿል አባ። ከሌላ ጽሑፍ ጋር የሚመሳሰለው 18 ከመቶ ብቻ ነው። ይፈቀዳል።»

መሪጌታ ጥቂት ዝም አሉ። «እኛ ዘንድ 18 ከመቶ የተገኘበት ተማሪ» አሉ፣ «በሌሊት አኩፋዳውን ይዞ አገር ይቀይር ነበር።» ከዚያ መረቁኝ። ምርቃቱ አጭር ነበር።

ሰኔ 20 ደረሰ። የወንድሜን ሱፍ ለበስኩ፤ እጅጌው ጣቶቼ ድረስ ይመጣል። ውሃ፣ ለስላሳ፣ ኩኪስ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ተከሳሹ ዳኞቹን የሚጋብዝበት ችሎት ይህ ብቻ ይመስለኛል። እማዬ ድፎ ዳቦ በመሶብ ወርቅ ይዛ ውጭ ቆማለች። ፕሮጀክተሩ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ያሳየናል። በላፕቶፔ ስክሪን ጀመርኩ፤ አምስተኛው ስላይድ ላይ ሰብሳቢው «ሰዓት» አሉ።

የውጭ ፈታኙ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቅጂያቸው ላይ ቢጫ ወረቀት እንደ ላባ ተሰክቷል። የግራው ህዳግ ጠባብ ነው አሉ። ገጽ 7 ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለምን 272?»

«በያማኔ ቀመር ነው ዶክተር። ያማኔ 1967።»

«1967?» አሉ። «እኔ 1967ን የማውቀው ንጉሡ በመስከረም የወረዱበት ዓመት መሆኑን ነው። ያኔ ናሙና የሚቆጥር ማን ነበር?»

ሁለቱ ፈታኞች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። «ፈረንጅ አቆጣጠር ነው» ማለት ያቅታል? አቃተኝ። ሰውዬው ግን አልጨረሱም። አንዱን ቢጫ ወረቀት ይዘው ገጹን ገለጡት።

«ገጽ 23 ላይ ‹ባንኩ የእንግዶችን አልጋ በየዕለቱ ያነጥፋል› ይላል። የትኛው ቅርንጫፍ ነው? እኔም ሂሳብ ልክፈት።»

ኮምፒውተሩ «ሆቴል»ን ተካ እንጂ «አልጋ»ን ተካ አላልኩትም። ክፍሉ ጸጥ አለ። አድቫይዘሬ፣ መከላከያ ምስክሬ፣ ኩኪሱን በጥሞና ያዩ ጀመር። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን የገረመኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው አንብበውታል! ቀድሞ የጻፈው ጓደኛዬም፣ አድቫይዘሬም፣ እኔም ጭምር ገጽ 23ን አንብበነው አናውቅም።

«ወጣ በልና ጠብቅ» ተባልኩ። ውጭ ቆሜ የእማዬን የመሶብ ክዳን ስቆጥር አሥራ አምስት ደቂቃ አለፈ። ተጠራሁ፣ ተነገረኝ፣ ተጨባበጥን። ስወጣ እማዬ ሮጣ መጣች።

«ምን አሉህ?»

«ቬሪ ጉድ!»

«ውይ ልጄን!» መሶቡ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። «ምን ጉድ ሆንክ?»

«እማዬ፣ ጥሩ ማለት ነው። እጅግ በጣም ጥሩ።»

«ታዲያ ጥሩ ከሆነ ለምን ጉድ ይሉታል?» አለችና እልልታዋን ግማሽ ላይ አቆመችው። እስካሁን አላመነችም።

እርማቱ ሦስት ሳምንት፣ የእርማቱ ፊርማ ሁለት ወር ወሰደ። ክሊራንሱን አልተርክም፤ ተበድሬው የማላውቀውን መጽሐፍ እንዳልተበደርኩ የሚመሰክሩ ሰዎች ፍለጋ ነው። ረቂቆቹን እማዬ ለከሰል ማቀጣጠያ ወስዳቸዋለች። ሁለተኛው ምዕራፍ ቶሎ ይያያዛል ትላለች።

በወርቃማ ፊደል የተጠረዘው ግን ሳሎን ቡፌው ውስጥ ነው። ሥሩ ዳንቴል ተነጥፎለታል፣ በግራው የሰርግ ብርጭቆዎች፣ በቀኙ የአባዬ ፎቶ። ማንም አይነካውም። ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ መጣ። ዘንድሮ ማስተርስ ጀምሯል። እማዬ ወጥ ልታማስል ስትነሣ ቡፌውን ቀስ አድርጎ ከፈተና ሽፋኑን አነበበ።

«ርዕሱ ደስ ይላል» አለ። «የኔ የግል ትምህርት ቤት ላይ ነው። ሶፍት ኮፒው አለህ?»

ፍላሹን ከመሳቢያ አወጣሁለት።

«አልጋውን አውጥቼልሃለሁ» አልኩት።