የደሴ አማርኛ ከሊድስ ሲታይ

ከደሴ ሰኞ ገበያ አንሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ እስከ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ጋራዦች ድረስ የሚሰማው አማርኛ፣ በትምህርት ቤትና በሬዲዮ ከለመድነው ጋር ያለ አስተርጓሚ ቢግባባም፣ ሌላ ቦታ የማይሰሙ ወይም ከሌላው ሰው አፍ ከወጡ የቆዩ ቃላትን ይዞ ይገኛል። የቋንቋ ምሁራን የአማርኛን ዘዬዎች ሲቆጥሩ ወሎን ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከመንዝና ከአዲስ አበባ ጎን ለብቻው የሚያቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ያደግሁት በዚህ አማርኛ ነው። አሁን የምኖረው ደግሞ በሰሜን እንግሊዝ፣ ሕዝቡ ከለንደን ሰው የተለየ እንግሊዝኛ በሚናገርበት በዮርክሺር፣ በሊድስ ከተማ ነው፤ ስለዚህ አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ጆሮዬ ሁለቱን አገሮች ሳያስተያይ አያልፍም።

ቃላቱ በብዛት የሚገኙት ቡና ላይ ነውና ከዚያው ልጀምር። በዕድሜ የገፉት የደሴ እናቶች ስኒ የሚለውን ቃል ቢያውቁትም እነሱ የሚሉት ፍንጃል ነው። ፍንጃሉ ለእንግዳ የሚሰጠው «ጀባ» ተብሎ ሲሆን፣ እንግዳውም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ መርቆ ይቀበላል። አቦል፣ ቶናና በረካን መላ አገሪቱ ያውቃቸዋል፤ በወሎ ግን ዐረብኛው ቅርብ ስለሆነ አቦል አንደኛው፣ ቶና ሁለተኛው፣ በረካ በረከቱ መሆኑን ቁርኣን የቀራ ልጅ ሁሉ ሳይነገረው ይረዳዋል። ሥርዓቱን የሚመሩት በዕድሜም በምግባርም የተከበሩ ሴቶች ዱበርቲ ይባላሉ። ቃሉ የኦሮምኛ ነው፤ በኦሮምኛ ሴቶች ማለት ሲሆን፣ በወሎ አማርኛ ግን ማዕረግ ሆኗል፤ ዱበርቲ የተባለች ሴት ዱዓዋ የሚፈለግ፣ ምርቃቷ የሚጠበቅ ናት። በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሦስት ቋንቋዎች ተገናኝተው አንዳቸውም እንግዳ አይመስሉም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው «አብሽር» ነው። በዐረብኛ የምሥራች ማብሰሪያ ነው፤ በደሴ ግን «አይዞህ» በሚባልበት ቦታ ሁሉ ይገባል፦ ለታመመ፣ ለከሰረ፣ ፈተና ለወደቀ፣ ሩቅ መንገድ ለሚጀምር። ለሴት «አብሽሪ»፣ ለብዙ ሰው «አብሽሩ» እየተባለ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ትእዛዝ አንቀጽ ይረባል። የሚናገረውም ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። አባቴ በታመሙ ጊዜ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ አንዲት የጎረቤት እናት በራችን ላይ ቆመው «አብሽር ልጄ፣ መድኃኔ ዓለም ያውቃል» ብለውኛል፤ ዐረብኛውና መድኃኔ ዓለም በአንድ ትንፋሽ መውጣታቸውን እሳቸውም እኔም ልብ አላልነውም። «አውፍ በለኝ» ደግሞ ከ«ይቅርታ» ይከብዳል። ይቅርታ ዛሬ ታክሲ ውስጥ የሰው እግር የረገጠ ሁሉ የሚለው ሆኗል፤ አውፍ የሚባባሉት ግን፣ ቢያንስ እኔ ባደግሁበት ሰፈር፣ የተቀያየሙ፣ ለረጅም መንገድ የተነሡ ወይም ሞት የቀረባቸው ሰዎች ነበሩ።

ቅሬን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በአዲስ አበባ እድር የሚባለው ማኅበር በወሎ ቅሬ ነው፤ ሰው ሲሞት መርዶ ማርዳት፣ መቃብር መቆፈር፣ ለቀስተኛ ማስተናገድ የቅሬው ግዴታ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ነገር ግን ቅሬ ለቀብር ብቻ የቆመ አይደለም። የተጣሉትን ያስታርቃል፣ ያጠፋውን ይቀጣል፤ «ከቅሬ ወጣ» የተባለ ሰው እሳት የሚጭርበት፣ ሬሳ የሚያነሣለት ጎረቤት አጣ ማለት ነው። በቅርብ ጊዜ በአንድ የደሴ ሰፈር የማኅበሩን ደብዳቤ ሳነብ በጽሑፉ «እድር» ተብሎ አገኘሁት፤ ደብዳቤውን ያስጻፉት ሽማግሌ ግን ስለ ጉዳዩ ሲያስረዱኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሉት «ቅሬያችን» ነበር። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ቃሉን ያረመ መስሎታል። እኔ ግን በዚያ ወረቀት ላይ የቅሬው የመቅጣትና የማስታረቅ ሥልጣን አብሮ እንደ ተሠረዘ ነው የተሰማኝ።

የቦታ ስሞችን ያየን እንደ ሆነ ዮርክሺርና ወሎ ይበልጥ ይቀራረባሉ። የደቡብ ወሎን ካርታ የተመለከተ ሰው ወረኢሉን፣ ወረባቦን፣ ወረሂመኖን ያገኛል። «ወረ» በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በአካባቢው የሰፈሩት ወገኖች ስማቸውን ለምድሩ ሰጥተውታል፤ ዛሬ አማርኛ የሚናገረውም ሕዝብ ስሙን ይዞት ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ866 ከስካንዲኔቪያ በባሕር መጥተው ዮርክን የያዙት ቫይኪንጎችም እንዲሁ ቋንቋቸው ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሴልቢ፣ ዌዘርቢና ዊትቢ በሚባሉት ከተሞች ስም ጫፍ ላይ ያለው «ቢ» መንደር የሚል የእነሱ ቃል ነው። ትንሽ ወንዝ በዮርክሺር «ቤክ» የሚባለው፣ አንዳንድ አዛውንትም ልጆች ተጫወቱ ለማለት «ሌክ» የሚሉት ከእነሱ በወረሱት ቃል ነው። ለንደን ላይ ይህን የሚናገር ሰው የተሳሳተ ይመስላል፤ ታሪኩን ለሚያውቅ ግን ከለንደኑ ያላነሰ ጥንታዊ ቃል ነው።

በአጠራርም የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። የሊድስ አውቶቡስ ነጂ የማያውቀውን ተሳፋሪ «ፍቅሬ» እንደ ማለት «ላቭ» ብሎ ይጠራዋል፤ የደሴ ባለ ሱቅም ገና ያላየውን ደንበኛ «ወንድምየ»፣ «እናትየ» ይላል። አዲስ አበባ ስደርስ የሚጎድለኝ ይህ ነው፤ ለንደን ስወርድም እንዲሁ።

ስለ ገንዘብም ጥቂት ልበል። 50 ሳንቲምን ሽልንግ፣ 25 ሳንቲምን ስሙኒ ሲሉ እየሰማ ያላደገ የእኔ ዘመን የደሴ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሽልንግ ወደ እኛ የገባው ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተሸነፈ በኋላ እንግሊዞች ይዘውት በመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ገንዘብ ነው፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ስለተመነዘረ የብሩ ግማሽ ሽልንግ ተብሎ ቀረ። እንግሊዝ ራሷ ሽልንግን እ.ኤ.አ. በ1971 የገንዘብ አቆጣጠሯን ስትለውጥ ትታዋለች። ጣሊያኖቹም አገር ለቀው ሲሄዱ ቃላታቸው ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል፤ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ በሚገነጠልበት በኮምቦልቻ ዛሬም መካኒኩ የሚጠይቀው ካቻቢቴ፣ የሚቀይረው ኩሽኔታና ባሌስትራ፣ የሚያስተካክለው ፍሪሲዮን ነው። እነዚህ ቃላት ሥራቸው እስካለ ድረስ ይኖራሉ፤ ሽልንግ ግን ሳንቲሙ አንዳች መግዛት ስላቆመ በሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ ቀርቷል። ፍንጃልንና ቅሬንም የሚያሰጋቸው ይኸው ነው።

እንግሊዞች ቃላታቸውን ከመጥፋት ያስቀሩበትን መንገድ ሳነብ ከሁሉ ያስደነቀኝ የጆሴፍ ራይት ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1855 በብራድፎርድ አጠገብ የተወለደው ይህ ሰው ገና በስድስት ዓመቱ በድንጋይ ካባ አህያ ይነዳ ነበር፤ ቀጥሎም በሶልቴር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የልጅ ሠራተኛ ሆነ፤ ማንበብ የተማረው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። ኋላ ጀርመን አገር ሄዶ ተምሮ በኦክስፎርድ የቋንቋ ፕሮፌሰር ለመሆን በቃ፤ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1905 ባለው ጊዜም በስድስት ቅጾች የእንግሊዝኛን ዘዬዎች መዝገበ ቃላት አሳተመ። የራይት ትልቁ ነገር ዕውቀቱ ብቻ አይመስለኝም። የድንጋይ ካባና የፋብሪካ ሰዎች ንግግር የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው በሚባልበት ዘመን፣ ያንኑ ንግግር ከእናቱ አፍ የተማረ ሰው ራሱ ሕግና ሥርዓት ያለው ቋንቋ መሆኑን አሳየ። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን አጥር ባለፍኩ ቁጥር፣ እዚያ ውስጥ ከሚሠሩት እናቶች ልጆች አንዱ የወሎን አማርኛ እንዲህ አድርጎ ይጽፈው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከራይት በኋላ ደግሞ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ በሃሮልድ ኦርተን መሪነት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1961 በ313 ቦታዎች ትልቅ የዘዬ ጥናት ተካሂዷል። አጥኚዎቹ ከ1,300 በላይ ጥያቄዎችን ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ ስለ ከብቱ፣ ስለ እርሻ መሣሪያውና ስለ ቤት ዕቃው «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ እኔ ግን አንድ ነቀፋ አለኝ። በአብዛኛው የተጠየቁት በዕድሜ የገፉ የገጠር ወንዶች ናቸው። ይህ አሠራር ወሎ ላይ ቢደገም የበሬውንና የሞፈሩን ስም አግኝቶ ፍንጃሉን፣ ጀባውን፣ የዱበርቲዎቹን ምርቃት ያጣ ነበር። በእኛ ዘንድ ብዙው የቆየ ቃል ያለው በእናቶች አፍ ስለሆነ ጥናቱም ከጓዳና ከቡና መጀመር አለበት።

መመዝገብ ብቻውን ቃልን በሕይወት እንደማያቆይም ሊድስ ላይ አይቻለሁ። የዮርክሺር ቃላት ዛሬ በሻይ ኩባያና በፎጣ ላይ ታትመው ለጎብኚ ይሸጣሉ፤ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚጯጯሁት ልጆች አፍ ላይ ግን እየቀነሱ ሄደዋል። ደሴ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቃሉ በየደጃፉ ይነገራል፣ ነገር ግን ተናጋሪው ያፍርበታል። አዲስ አበባ ለትምህርት ሄዶ የተመለሰ ወጣት ሲገረም «ኧረግ» ማለቱን ይተዋል፤ እናቱ እንግዳ ፊት «ቅሬ» ስትል ቀና ብሎ «እድር» እያለ ያቃናታል። የአማርኛ መዝገበ ቃላት የለንም ማለት አይደለም፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ሥራ ብቻውን ትልቅ ሀብት ነው። የሚጎድለን ቃሉን ከነሰፈሩ፣ ከነሥራው የያዘ፣ የአንዱን አካባቢ አነጋገር የሚያከብር መዝገብ ነው።

በውጭ አገር የምንኖረው ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የማይጠበቅ ጥቅም አለን። በማኅበራችን ውስጥ ጎጃሜው፣ ጎንደሬው፣ ወሎዬውና የአዲስ አበባው ልጅ ሲገናኙ ንግግሩ ሁሉ ወደ አዲስ አበባው ያዘነብላል፤ ይህ የማይቀር ነው። እያንዳንዱ ስልክ አንሥቶ እናቱን ሲያነጋግር ግን የሰፈሩ አማርኛ ሳይጠራ ይመጣል። ከደሴ ከወጡ ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ ሰዎች የሚናገሩት አማርኛ፣ ዛሬ ደሴ ላይ ወጣቱ ከሚናገረው ይልቅ የአያቶቻቸውን ይመስላል፤ በወጡበት ጊዜ የነበረውን ይዘው ስለቀሩ ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻቸውም ፍንጃል፣ አብሽር፣ አውፍ የሚሉት ሌላ ስም እንዳለው ስለማያውቁ ነውና አያፍሩበትም። እንግዲህ መዝጋቢ የሚፈልግ ሰው በደሴ ብቻ ሳይሆን በሊድስ፣ በጂዳና በዋሽንግተን ያሉትንም የወሎ እናቶች መጠየቅ ይኖርበታል።

ሥራው ከባድ ገንዘብ አይጠይቅም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ አማርኛ የሚያጠና ተማሪ ሁሉ በዕረፍት ጊዜው ከገዛ አያቱ ሠላሳ አርባ ቃል በስልኩ ቀድቶ ቢመለስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ይከማቻል። አስቀድሞ መወሰን ያለበት የአጻጻፉ ጉዳይ ነው። የደሴ ሰው ራሱን «ወሎየ» ይላል፤ ጋዜጣው «ወሎዬ» አድርጎ ያወጣዋል፣ እኔም ከፍ ብዬ የጻፍኩት በዚያው ልማድ ነው። «እናትየ» እና «እናትዬ»፣ «አንች» እና «አንቺ» እንዲሁ ናቸው። ለጋዜጣ አንዱ መልክ ይበቃል፤ መዝጋቢ ግን የሰማውን በሰማው ድምፅ መጻፍ ይኖርበታል፣ ካረመው የመዘገበው የራሱን አማርኛ ይሆናልና። ኩታበር ላይ የተሰማው ቃል ኮምቦልቻ ወይም ባቲ ላይ ሌላ መልክ ሊኖረው ስለሚችል የቀበሌው ስም፣ የተናጋሪዋ ዕድሜና ቃሉ የተነገረበት አጋጣሚ፣ ቡና ላይ ይሁን ለቅሶ ላይ፣ ከጎኑ አብሮ ይጻፍ።