ክርክር፦ የስፕሪንት አቅም በሰዓት ይሰላ ወይስ ካለፈው ውጤት ይነበብ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ «በአጃይል (ሥራን በአጫጭር ዙሮች ከፋፍሎ በሚሠራ ዘዴ) የሚሠራ የሶፍትዌር ቡድን ለቀጣዩ ስፕሪንት (ርዝመቱ ለተወሰነ የሥራ ዙር) የሚወስደውን ሥራ መወሰን ያለበት ከአባላቱ የሥራ ሰዓት ተነሥቶ ነው።»

ደጋፊ

ስድስት አባላት ያሉትን ቡድንና የሁለት ሳምንት ስፕሪንት እንውሰድ። በወረቀት ላይ 60 የሥራ ቀን አለ። መሐል ላይ አንድ የበዓል ቀን ከዋለ 54 ይቀራል። አንዱ አባል አራት ቀን ፈቃድ ሲወጣ 50 ይሆናል። ሌላው ስፕሪንቱን ሙሉ ከተጠቃሚ ለሚመጣ ችግር ተረኛ ከሆነ ዘጠኝ ቀኑ ይነሣና 41 ላይ እንደርሳለን። ስብሰባውና መልእክት መመለሱ ተቀንሶ ለታቀደ ሥራ በቀን 5 ሰዓት ቢተርፍ 205 ሰዓት ነው፤ ላልታሰበ ነገር 15 በመቶ ሲያዝለት 174። ይህን ያላሰላ ቡድን 60ን በ8 አባዝቶ 480 ሰዓት ያለው ይመስለዋል።

ከድምሩ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ዝርዝሩ ነው። ፈቃድ የወጣው ብቸኛው ቴስተር (ሥራውን የሚፈትሸው ባለሙያ) ቢሆንስ? የሚቀረው አምስት ቀን፣ ማለትም 25 ሰዓት ነው። የተመረጡት ሥራዎች 60 ሰዓት ፍተሻ የሚፈልጉ ከሆነ፣ ጠቅላላው ከ174 ባይበልጥም እቅዱ ከወዲሁ ፈርሷል። በእቅድ ስብሰባው ላይ ከታወቀ መፍትሔ አለው፤ አልሚዎቹ (ኮዱን የሚጽፉት) አንዱ የሌላውን ይፈትሻሉ፣ ካልሆነም ፍተሻ የሚበዛባቸው ሥራዎች ይቆዩና ሌሎች ይገባሉ። በስምንተኛው ቀን ከታወቀ ግን ሥራዎቹ በካርድ የሚለጠፉበት ቦርድ «ኮዱ አልቋል፣ ፍተሻ ይጠብቃል» በሚሉ ካርዶች ተሞልቶ ይገኛል።

ተቃዋሚ

ሒሳቡ ያምራል፤ ግን ግማሽ ነው። 174 ሰዓት አለን ካሉ በኋላ እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መገመት ሊኖርብዎት ነው፤ ስህተቱ የሚገባውም በዚያ በኩል ነው። የፈቃድ ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። «ይህ 12 ሰዓት ይወስዳል» የተባለ ሥራ ግን የቆየ ኮድ ሲነካ እጥፍ ቢሆን ማንንም አይገርምም። 5 ሰዓቱና 15 በመቶውስ ከየት መጡ? ካልተለኩ ምኞት ናቸው፤ ከቀደሙ ስፕሪንቶች ከተለኩ ደግሞ ወደ እኔ መንገድ ገብተዋል ማለት ነው።

ቡድኑ ባለፉት አሥር ስፕሪንቶች የጨረሳቸው ሥራዎች ብዛት 7፣ 9፣ 4፣ 8፣ 8፣ 5፣ 10፣ 6፣ 8፣ 7 ነው እንበል። አማካዩ 7.2 ነው፤ በአማካይ ማቀድ ግን ያሳስታል፤ 8 እና ከዚያ በላይ የተጨረሰው ከአሥሩ በአምስቱ ብቻ ነው። 6 እና ከዚያ በላይ የተጨረሰው በስምንቱ ነው። ስለዚህ 6 ይወሰድ፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው ተዘጋጅተው ባክሎጉ (ተራ የሚጠብቁ ሥራዎች ዝርዝር) አናት ላይ ይጠብቁ። ስብሰባው፣ ሕመሙ፣ ሌሊት የወደቀው ሰርቨር ሁሉ እነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯል።

40 ሥራ ያለው ፕሮጀክት መቼ ያልቃል ለሚል ጥያቄም ይኸው ዝርዝር ይበቃል። ከአሥሩ ቁጥሮች አንዱን በዕጣ እያወጡ፣ የወጣውንም እየመለሱ፣ 40 እስኪሞላ ይደምሩና ስንት ዕጣ እንደወጣ ይመዝግቡ። ኮምፒውተር ይህን 10,000 ጊዜ ሲደግመው፣ ከሙከራዎቹ 85 በመቶው በስንት ስፕሪንት እንዳለቁ ይታያል። ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ይህ ነው፤ ኤክሴልም ይሠራዋል።

ደጋፊ

ያለፈው ቁጥር የመጪውን ስፕሪንት የፈቃድ ሰሌዳ አያውቅም። ከስድስቱ ሦስቱ ሊቀሩ ሲሆን ዝርዝርዎ አሁንም 6 ይላል። ሁለት ነባር ሰዎች ለቀው ሁለት አዲስ ቢገቡ፣ አዲሶቹ ብቻ ሳይሆኑ የሚያሠለጥኗቸውም ይዘገያሉ። አሥር ስፕሪንት ማለት ደግሞ 20 ሳምንት ነው፤ ትናንት የተቋቋመ ቡድን ምን ይቁጠር? የ2020ው የስክረም (ከአጃይል አሠራሮች አንዱ) መመሪያም ቢሆን ቡድኑ ትንበያውን እንዲያምን የሚረዱትን ሲጠቅስ፣ ያለፈውን ውጤት ከመጪው አቅምና «አለቀ» ከሚባልበት መስፈርት ጋር አብሮ ነው የሚያነሣው።

ተቃዋሚ

ስለ ፈቃዱ እውነት አለዎት፤ ለዚያ ግን ሰዓት አያስፈልግም። በቀደሙት ስፕሪንቶች በአማካይ 48 የሥራ ቀን ከነበረና አሁን 24 ብቻ ካለ፣ 6ቱ 3 ይሆናል። አዲስ ቡድንም ሦስት ስፕሪንት እስኪሞላው በጥቂት ሥራ ይጀምር።

የሰዓት ሰንጠረዡን የምቃወምበት ዋና ምክንያት ሌላ ነው፤ ባዶ ሰዓት ሲታይበት አንድ ሰው መጥቶ ይሞላዋል። አንድ አገልጋይ ባለው፣ ሥራም በዘፈቀደ በሚመጣበት ቀላሉ የወረፋ ሞዴል፣ አገልጋዩ 80 በመቶ ሲያዝ አዲስ ሥራ በአማካይ የሚጠብቀው ሥራው ራሱ ከሚፈጀው ጊዜ 4 እጥፍ ነው። 90 በመቶ ላይ 9 እጥፍ፣ 95 በመቶ ላይ 19 እጥፍ ይደርሳል። የሶፍትዌር ቡድን ከሞዴሉ የተወሳሰበ ቢሆንም ወረፋው የሚረዝምበት አቅጣጫ ያው ነው። ጆን ሊትል በ1961 ያረጋገጠው ቀመርም አለ፤ በእጅ ያለ ሥራ በቀን ለሚያልቀው ሲካፈል አማካይ ቆይታውን ይሰጣል። በአሥር ቀን 7.2 የሚጨርስ ቡድን 12 ካርድ ከፍቶ ከያዘ እያንዳንዱ 17 ቀን ገደማ ይቆያል። ፍጥነቱ ሳይቀንስ 6 ብቻ ቢይዝ ከ8 ቀን ብዙም አያልፍም።

ደጋፊ

ሰንጠረዡን እስከ አፉ የሚሞላ አለቃ የእርስዎንም ቁጥር አይምርም። ቬሎሲቲ (በአንድ ስፕሪንት የሚጨረሰው የነጥብ ድምር) ግብ ሲደረግ ትናንት 3 ስቶሪ ፖይንት (የሥራ ክብደት መገመቻ ነጥብ) የነበረው ሥራ ዛሬ 5 ይባላል፤ የሥራ ብዛት ግብ ሲደረግ አንዱ ካርድ ሦስት ይሆናል። የእኔ ሰዓት በሙያ እንጂ በሰው ስም አይደመርም፤ ማንንም ለመገምገም አይውልም። ስለ ቴስተሩ ደግሞ እስካሁን መልስ አልሰጡም።

ተቃዋሚ

«ፍተሻ» በሚለው ዓምድ ላይ የሦስት ካርድ ገደብ ይደረግ። ሲሞላ አልሚው አዲስ ሥራ አይጀምርም፤ ያለውን ይፈትሻል።

ደጋፊ

ገደቡ የሚሞላው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ ሥራዎቹ ተጀምረዋል። አልሚዎቹ የፍተሻውን ሲስተም የመግባት ፈቃድ ከሌላቸው ደግሞ ካርዱ ቆሞ ቴስተሩን ይጠብቃል። እኔ ይህን የማየው በእቅዱ ዕለት፣ 25 እና 60 ጎን ለጎን ሲጻፉ ነው።