የወሰኑ ወንዝ ተራ

ከጮቄ ግርጌ፣ ሁለት ወረዳዎች በአንዲት ትንሽ ወንዝ በሚዋሰኑበት መንደር፣ በሰንበቴ ጠላ ላይ የተነሣ ክርክር እስከ ማታ ዘልቆ ነበር። በየካቲትና በመጋቢት ወንዙ ሲያንስ የላይኞቹ ይጠልፉታል፤ የታችኞቹ ሽንኩርት ይደርቃል።

ከላይኛው ቀበሌ የመጡት ሽማግሌ፣ «ምንጩ የሚፈልቀው ከእኛ መሬት ነው፤ በክረምት ጎርፉ አፈራችንን ጠርጎ ሲወስድ ካሣ የከፈለን የለም፤ በበጋ ጥቂት ብንጠልፍ ምኑ ነውር ነው?» አሉ። ከታችኛው የመጣው ጎልማሳ፣ «አባባ፣ የእኛ አባቶች ቦዩን የቆፈሩት እናንተ ድንች እንኳ በመስኖ ሳታለሙ ነው፤ የቀደመ መብት አለን» ሲል መለሰ። አንድ መምህር ጣልቃ ገብቶ፣ ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲከፋፈሉ የተመረኮዙት በዚሁ በቀደመ መብት እንደሆነ፣ ውሃው የሚነሣበትን አገር ግን እንዳልጠየቁ አስታወሰ። ቤቱ ሳቀ፤ ጎልማሳው ግን አልሳቀም።

እርሱን ያንገበገበው የውሃ ሞተር ነበር። ቀድሞ ውሃው በቦይ ብቻ ይወርድ ስለነበር የውሃ አባቱ፣ ማለትም ውሃውን በተራ እንዲያከፋፍል የተመረጠው ሰው፣ ተራውን በዓይኑ እያየ ይጠብቅ ነበር፤ ሞተር ግን ከወንዙ በፈለገው ቦታ፣ ይልቁንም በሌሊት፣ ቱቦውን ነክሮ ይስባል። ከባለሞተሮቹ አንዱ እዚያው ተቀምጦ ነበርና «ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አያስፈልግም» ሲል ሕግ ጠቀሰ። አንድ የግብርና ባለሙያ፣ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ይህን ማለቱን አምኖ፣ ያው አዋጅ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከሁሉ በላይ ቅድሚያ እንደሚሰጥና በናፍጣ የሚሠራ ሞተርን ባህላዊ ማለት እንደሚያስቸግር አስረዳ። እንደ ቆጋ መስኖ ገበሬዎች በማኅበር እንዲደራጁም መከረ። ሽማግሌው ወዲያው፣ «ቆጋ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ግድብ አለው፤ ክረምቱን ያጠራቅማል። እኛ የምናጠራቅመው ቂም ነው» አሉት፤ አነጋገራቸው መራራ ቢሆንም እውነት አለበት።

በእኔ አስተያየት የምንጩ ባለቤትነትም የቀደመ መብትም ነገሩን አይፈቱትም። ጉዳቱ የመጣው በአንድ ወንዝ ላይ ሁለት የውሃ አባቶች በመሾማቸው ነው፤ አቤቱታው ወደ ላይ ሲሄድም እያንዳንዱ ወረዳ ለራሱ ሰው ያደላል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን የተመረጠ አንድ የውሃ አባት ይኑር፤ ለሰውና ለከብት መጠጥ የሚሆነው አስቀድሞ ይለቀቅ፤ የመጋቢት ተራ ከታች ወደ ላይ ይቆጠር፤ ሞተርም እንደ ቦይ በሰዓት ተራ ይግባ፣ በሌሊትም አይነሣ። የውሃ አባቱን ድካም በእህል ማን ይስፈርለት በሚለው ላይ እንደገና ተጨቃጨቁ፤ እኔ ግን ትልቁን ቁና ባለሞተሮቹ ይስፈሩ ባይ ነኝ።