የእንግዳው ማርሽ ባንድ ከስታዲየም ሲወጣ

ክርክሩን ያነሳችው አንዲት እናት ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ሚኒያፖሊስ አንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን የአዮዋና የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ እስኪጀመር ስንጠብቅ፣ "የባንድ ልጆቹ ተጎዱ የተባለው በዚህ ጨዋታ አይደለም እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ልጇ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ የትምህርት ቤቷ ማርሽ ባንድ ውስጥ ክላርኔት ትነፋለች። በሚቀጥለው ወር ከባንዱ ጋር ወደ ሌላ ስቴት ትጓዛለች። ስለዚህ ጥያቄው ለጨዋታ ማድመቂያ የቀረበ አልነበረም።

አዎ፣ በዚሁ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2019 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኤምስ ከተማ ወደሚገኘው ጃክ ትራይስ ስታዲየም ሄዶ አዮዋ ስቴትን 18 ለ 17 አሸነፈ። ከተማዋ የዚያን ቀን ገና ከጠዋቱ ጦዛ ነበር፤ የስፖርት ቴሌቪዥኑ የኢኤስፒኤን የቅዳሜ ጠዋት የኮሌጅ ፉትቦል ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ከኤምስ ይተላለፍ ስለነበር ሰው የወጣው በማለዳ ነው። ጨዋታው ደግሞ በመብረቅ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ሦስት ሰዓት ገደማ በመጠበቅ አለፈ። ሙሉ ቀን ደጅ ሲጠብቅ የዋለ ሕዝብ በአንዲት ነጥብ ተሸንፎ፣ ጨለማ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ተመመ። በቀጣዮቹ ቀናት የአዮዋ ማርሽ ባንድ ተማሪዎች መናገር ጀመሩ። ተገፍተናል፣ የዘር ስድብ ተሰድበናል፣ ሴቶቹ ተጎንትለዋል፣ የጎድን አጥንቱ የተሰበረም አለ አሉ። የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ክፍሎች ግን ብዙም ሳይቆዩ የጋራ መግለጫ አወጡ፤ ተነጋግረናል፣ ከእንግዲህ ወደፊት እንመለከታለን የሚል መንፈስ ነበረው። ልጆቹ በዚህ ክፉኛ ተከፉ።

ከመሃላችን ኤምስ የተማረ አንድ ወጣት ኢንጂነር አለ። የዚያን ቀን ባይኖርም ስታዲየሙን እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ወዲያው ለትምህርት ቤቱ ቆመ።

"እትዬ፣ ይስሙኝ" አላት፣ "ከ60 ሺህ ሰው ውስጥ አሥር ሰካራም ቢባልግ 60 ሺውን ባለጌ ማለት ይቻላል? ደርቢ ነው። እኛስ አገር ቡናና ጊዮርጊስ ሲጫወቱ ከካታንጋ ስንት ነገር ይወረወር አልነበረም?"

"ይወረወር ነበር። ታዲያ ያኔ ደግ ነበር ብለን እናውቃለን?" አሉ ጋሼ ከጥግ። ጋሼ የምላቸው ከሁላችንም ቀድመው ሚኒሶታ የገቡ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

ወጣቱ ግን ሌላም ነበረው። ከአስተናጋጁ ከአዮዋ ስቴት በኩል የተሰጠውን መልስ ያስታውሳል፤ ባንዱ ሕዝቡ እስኪቀንስ ሳይጠብቅ በመሃል ገባ፣ ግፊያው ከሁለቱም ወገን ነበር የሚለውን። "ደግሞስ ይህን ያህል ከተጎዱ ለምን እዚያው ለፖሊስ አላመለከቱም? ስም የለ፣ ምስክር የለ፣ ዝም ብሎ ክስ!" አለ።

እናትየዋ ስኒዋን አስቀመጠች። "አንተ ልጅ፣ ማርሽ ባንድ ውስጥ ያለ ሰው በቅርብ አይተህ ታውቃለህ?" አለችና የልጇን ነገር ዘረዘረችው። ባርኔጣው እስከ ቅንድብ ይወርዳል፣ ማሰሪያው አገጭ ላይ ይጠብቃል፤ ጎንና ጎን ለማየት አንገት ሳይሆን ትከሻ ነው የሚዞረው። ሁለቱ እጆች መሣሪያው ላይ ናቸው። ከበሮ የያዘው ከበሮው ደረቱ ላይ ታስሯል፤ ያንን ትልቅ ሱዛፎን የተሸከመው ደግሞ ከአሥር ኪሎ በላይ ናስ ትከሻው ላይ ጠምጥሟል። "አንድ ሰው ከጎን በክርኑ ቢመታት ልጄ እጇን አንስታ አትከላከልም። መሣሪያውን ከጣለች ዕዳ ነው፣ ከሰልፉ ከወጣች ጨለማ ውስጥ ትጠፋለች። የነካትን ሰው ፊት አላየችም። ለየትኛው ፖሊስ፣ ማንን ብላ ታመልክት?"

ልጁ ዝም አለ። ይህን ያህል በዝርዝር አስቦት እንዳልነበር ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተናገረው ቅዳሜና እሑድ ስታዲየም ውስጥ የሴኪዩሪቲ ሥራ የሚሠራው ወዳጃችን ነው። እኔ ከሁሉም በላይ የሰማሁት እሱን ነው፤ ማንንም ሳይወቅስ አሠራሩን ብቻ ተናገረ። ጨዋታ ሲያልቅ ሁለት ዓይነት ሰው ይንቀሳቀሳል አለ። አንደኛው በየፊናው ወደ መኪናው የሚሄድ ተመልካች ነው፤ ቢገፋ ዞር ይላል፣ ቢጣበብ ይቆማል። ሁለተኛው ባንዱ ነው፤ ከ200 በላይ ልጅ እንደ አንድ ሰው ተያይዞ ይጓዛል፣ መሃሉ ከተቆረጠ ኋላ የቀሩት መንገድ አያውቁም። እነዚህ ሁለቱ አንድ በር ላይ ከተገናኙ ሰው ሁሉ ጨዋ ቢሆን እንኳ ሰው ይጎዳል። ያሸነፈ ቡድን ማልያ ቀለም የለበሰ ባንድና የተሸነፈ ሕዝብ ሲሆኑማ ሳይነገር የሚታወቅ ነው።

"ስለዚህ ወይ ባንዱን መቀመጫው ላይ አቆይተህ ሕዝቡን ታስወጣለህ፣ ወይ ገመድ ዘርግተህ፣ ሰው ግራና ቀኝ አቁመህ፣ ፖሊስ ከፊትና ከኋላ አድርገህ ታሳልፋቸዋለህ። ሦስተኛ መንገድ የለም" አለ። "ባንዱ ሳይጠብቅ ገባ ካሉ፣ እንዳይገባ 'ቆዩ' የሚላቸው ሰው በሩ ላይ መኖር ነበረበት። ቤቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። እንግዳው በሩን እንኳ አያውቀውም።"

ወጣቱ ይህን ተቀበለ፤ ግን ወደ ሌላ ዞረ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ብሩስ ሃረልድ፣ ልጆቹ ደኅንነታቸው ካልተጠበቀ ይህን ጨዋታ እስከ ማቆም እንደሚደርሱ ተናግረው ነበር። ወጣቱን ያናደደው ይህ ነው። "በጥቂት ባለጌ ምክንያት የክፍለ ዘመን ዕድሜ ያለው ጨዋታ ይቆማል? መጀመሪያ የተጫወቱት እኮ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው!"

"ቆሞም ያውቃል" አለ ሴኪዩሪቲው፣ "ከ1934 እስከ 1977 አልተጫወቱም። አዮዋ ግን አልጠፋችም።"

እዚህ ላይ ጋሼ ተነሱ ማለት ይቻላል። "አንተ የተማርክበት ስታዲየም በማን ስም እንደተጠራ ታውቃለህ?" አሉት።

"ጃክ ትራይስ። ሐውልቱ ሥር ስንት ጊዜ ፎቶ ተነስቻለሁ፣ ጋሼ።"

"የት ነው የሞተው?"

ያውቃል፣ ግን ድምፁ ዝቅ አለ። ጃክ ትራይስ የአዮዋ ስቴት የመጀመሪያው ጥቁር ስፖርተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1923 ከሚኒሶታ ጋር ሊጫወት እኛ ወደምንኖርባት ወደዚችው ሚኒያፖሊስ መጣ። በዋዜማው ማታ ሆቴል ተቀምጦ በጻፈው ማስታወሻ የዘሩ፣ የቤተሰቡና የራሱ ክብር በዚህ ጨዋታ ላይ እንደተንጠለጠለ ገልጿል። ጨዋታው ገና ሲጀመር የአንገቱ ሥር አጥንት ተሰበረ፤ አልወጣም አለ። በሁለተኛው አጋማሽ ወድቆ ተረገጠ። በደረሰበት የውስጥ ጉዳት ከሁለት ቀን በኋላ ኤምስ ውስጥ ሞተ። ማስታወሻው የተገኘው ከኮቱ ኪስ ነው። ሆን ተብሎ ነው፣ አይደለም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ተደግፎ ከሜዳ ሲወጣ የሚኒሶታ ደጋፊዎች "ኤምስ፣ አዝነናል" እያሉ በአንድ ድምፅ ጮሁ ተብሎ ይነገራል።

"ከዚያ በኋላ አዮዋ ስቴት ምን አደረገ?" አሉ ጋሼ። "ከሚኒሶታ ጋር የነበረውን ውል አላድስም አለ። እስከ 1989 ድረስ አልገጠሙም። ጨዋታ ማቆምን ለአዮዋ ሰዎች ያስተማረ ትምህርት ቤት ካለ ያንተው ትምህርት ቤት ነው።"

"እሱ ሌላ ነው ጋሼ፣ ሰው ሞቷል።"

"ሰው እስኪሞት ይጠበቅ?"

ማንም መልስ አልሰጠም። ጨዋታው ተጀምሮ ነበር፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የቀነሰው ግን ያው ወጣት ነው።

እኔ እንደማስበው ልጁ በአንድ ነገር ትክክል ነው፤ ጨዋታውን ማቆም ለባንዱ ልጆች ካሳ አይሆንም። ባንዱን ቤት ማስቀረትም እንዲሁ፣ የተበደለው ተቀጥቶ የበደለው መቀመጫው ላይ ይቀራል። እነዚህ ተማሪዎች ትምህርት ሳይጀመር በኦገስት ሙቀት አስፋልት ላይ ሰልፍ ሲለማመዱ የሚከርሙ፣ አብዛኞቹ ሙዚቃ እንኳ የማያጠኑ፣ ተጫዋቾቹ የሚያገኙትን ስም የማያገኙ ልጆች ናቸው። ከዚያ ሁሉ ልፋት የሚተርፋቸው ያ ጉዞ ነው፤ በምን ሒሳብ ይነጠቁ?

በሌላው ግን አልስማማም። በዚያ ክርክር ላይ ደጋፊው ሁሉ፣ በዚያ ሰሞንም እንደሆነው፣ ልጆቹን ማመንና አለማመኑን የወሰነው በለበሱት ቀለም ነው። የአዮዋን ጥቁርና ወርቃማ ለብሰው ባይሆን፣ የአዮዋ ስቴትን ቀይና ወርቃማ ለብሰው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከተማ በአዮዋ ሲቲ ቢገፉ፣ ያ ወጣት "ምስክርህ የት አለ?" ብሎ ሲጠይቅ አይታየኝም። የ19 ዓመት ልጅ "ጎኔን ተመታሁ፣ ተሰደብኩ" ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ተርፈሃል ወይ፣ የት ላይ ነው ነው። ማጣራቱ ይከተላል፤ መከተልም አለበት፣ ምክንያቱም ያልገፋ ደጋፊም ስሙ አብሮ መጥፋት የለበትም። የተደረገው ግን የተገላቢጦሽ ነው። መግለጫው ቀደመ፣ መስማቱ ዘገየ።

እዚህ ላይ ትልቁን ወቀሳ የማደርሰው ከሰካራሙም፣ በሩን ካላዘጋጀው አስተናጋጅም ይልቅ የልጆቹ የራሳቸው የስፖርት ክፍል ላይ ነው። አስተናጋጁ ቤቱን መከላከሉ ያለ ነው። ልጆቹን አውቶቡስ ላይ ጭኖ የወሰዳቸው ግን የራሳቸው ቤት ነው፤ የጋራ መግለጫው ላይ ስሙን ከማኖሩ በፊት አንድ በአንድ አስቀምጦ ሊሰማቸው ይገባ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በኋላ የተናገሩት ኃይለኛ ቃል ጥሩ ነው፤ ግን ያ ቃል ለልጆቹ ከሁሉ ቀድሞ ቢደርስ ያን ያህል ባልተከፉ ነበር።

ስለዚህ ለዚያች እናት ያልኳት ይህን ነው። ልጅሽ ትሂድ። ከመሄዷ በፊት ግን አንቺና ሌሎቹ ወላጆች ሆናችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፦ ጨዋታው እንዳለቀ ባንዱ ይቆያል ወይስ ይወጣል? በየትኛው በር? ከመቀመጫቸው እስከ አውቶቡሱ ማን አብሯቸው ይሄዳል? አንድ ልጅ ቢነካ ያን ማታ ለማን ይናገራል፣ የሰማውስ ሰው እስከ ሰኞ ምን ያደርጋል? መልሱ "እናስብበታለን" ከሆነ ልጅሽ አውቶቡሱ ላይ እንድትወጣ አልመክርሽም።