ማስተካከያ፦ ባክቴሪያ ሁሉ ዲኤንኤ አያስገባም

ደሴ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤቶች እየተባዛ በተማሪዎች እጅ የሚዞር የባዮሎጂ ማስታወሻ አለ። «ማንኛውም ባክቴሪያ በአካባቢው ያገኘውን ዲኤንኤ በፈለገው ጊዜ ያስገባል» ይላል። ይህ ስህተት ነው። ፈተና ሳይደርስ ይታረም።

ችሎታው በተፈጥሮ ያላቸው አንዳንድ ዝርያዎች ናቸው። እነሱም በሩን የሚከፍቱት ጂኖቻቸው ሲፈቅዱ ነው። የሳንባ ምች የሚያመጣውን ኒሞኮከስ እንይ። ኮምሲ በተባለው ጂን ትእዛዝ 17 አሚኖ አሲድ ያላት አጭር ፔፕታይድ (ትንሽ የፕሮቲን ሰንሰለት) ተሠርታ ወደ ውጭ ትለቀቃለች። ስትበዛ የሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ኮምዲ የተባለ ፕሮቲን ይለያታል። መልእክቱን ኮምኢ ለተባለ ሌላ ፕሮቲን ያቀብላል፤ ኮምኢ ደግሞ ኮምኤክስ የተባለውን ጂን ያስነሳል። ዲኤንኤ አስገቢዎቹ ጂኖች ሥራ የሚጀምሩት ያኔ ነው። ከሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች የሚገባው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ይሰባበራል። ማስታወሻው ይህችን ጭራሽ ዘሏታል፤ ለእኔ ግን ዋናዋ ነጥብ እሷ ናት።

ባሲለስ ሰብቲሊስ በተባለው የአፈር ባክቴሪያ ደግሞ የእነዚህ ጂኖች ዋናው አዛዥ ኮምኬ የተባለ ፕሮቲን ነው።

ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ በማስታወሻው በምሳሌነት መጠቀሱም ያሳስታል። በተለመደው የላብራቶሪ ዘዴ ዲኤንኤ የሚቀበለው በካልሲየም ክሎራይድ ተዘጋጅቶ፣ በ42 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአጭር ጊዜ ሲሞቅ ነው።

በ1928 እ.ኤ.አ. ስለተደረገውና የሞቱ ባክቴሪያዎች ባሕርይ ወደ ሕያዋን እንደሚተላለፍ ስላሳየው የግሪፊዝ ሙከራ የተጻፈው ግን ልክ ነው፤ እንዳለ ይጠና።